አረጋውያን ሲረሱና ሲተክዙ ምርመራ ይገባቸዋል

ይድረስ ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፤

በሰሜን ሸዋ ዞን በተለያዩ ጤና ጣቢያዎች በነርስነት አገልግዬ ዛሬ በጡረታ ደብረ ብርሃን የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና፣ ስለ ወባና ስለ ሳንባ ነቀርሳ የምታወጧቸውን ጽሑፎች በምስጋና እከታተላለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ግን ከእነዚህ ሁሉ ባነሰ የሚነገርለት፣ ነገር ግን በብዙ ቤት ያለ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችን የሚደርስባቸው የአእምሮና የማስታወስ ችግር ነው።

በአካባቢያችን አንድ አዛውንት ነገር መርሳት ሲጀምሩ፣ እቤታቸው ተቀምጠው “ቤቴ ውሰዱኝ” ሲሉ፣ ወይም እህል ውሃ አልቀምስ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ሲያዞሩ ቤተሰብ “ጃጁ” ይላል። ጎረቤትም ይስማማል። ብዙ ጊዜ የጤና ባለሙያውም “እርጅና ነው፣ ታገሷቸው” ብሎ ይሸኛቸዋል። ይህ መልስ በቂ አይደለም። እርጅና ጉልበትን ያደክማል፣ ነገርን ለማስታወስም ትንሽ ያዘገያል እንጂ በራሱ ሰውን የልጁን ስም አያስረሳም፣ የመኖር ፍላጎቱንም አይነጥቀውም። እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ ከሥሩ ሕመም አለ፤ ከሕመሞቹም አንዳንዶቹ በጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚድኑ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች የመርሳት በሽታ ነበረባቸው፤ ከእነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች መካከልም 14 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለባቸው፣ ድባቴ (ዲፕሬሽን) እና ጭንቀትም ቀዳሚዎቹ እንደሆኑ ድርጅቱ አስታውቋል። ይህን ያህል ሕዝብ የነካ ነገር መንዝንና ተጉለትን፣ ይፋትንና መርሐቤቴን፣ ምንጃርንና ቡልጋን ዘሎ አልፏል ብሎ ማሰብ አይቻልም። በእኛ ዘንድ ያልታየው የሚጠይቅ ሰው ስለጠፋ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊለይ የሚገባው በድንገት የሚመጣው መቃዠት ነው። እስከ ትናንት ድረስ ቅዳሴ ሲያስቀድሱ፣ በግ ሲቆጥሩ የነበሩ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሰው ማወቅ ቢያቅታቸው፣ የሌለ ነገር ቢያዩ፣ ቀን ቀን አንቀላፍተው ሌሊት ቢቀባጥሩ፣ ይህ ፈጥኖ ሕክምና የሚያሻው የድንገተኛ ሕመም ምልክት ነው። መነሻው የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ የደም ስኳር ከልክ በላይ መውረድ ወይም መውጣት፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ባለው ቆላ ደግሞ ወባ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜም የሚውጡት መድኃኒት ራሱ ነው። የሚያዘናጋው ደግሞ በአረጋውያን ላይ እነዚህ ሕመሞች ያለ ትኩሳትና ያለ ሳል፣ በመቃዠት ብቻ ሊገለጡ መቻላቸው ነው።

በሥራ ላይ ሳለሁ ከሰላ ድንጋይ አካባቢ በቃሬዛ የመጡ አንዲት እናት አስታውሳለሁ። ቀደም ሲል በሌላ ቦታ “ዕድሜ ነው” ተብለው ስለተመለሱ ቤተሰባቸው የነፍስ አባታቸውን ጠርቶ መጨረሻቸውን ይጠባበቅ ነበር። ትንፋሻቸው ሲቆጠር ፈጣን፣ ሳንባቸውም ሲደመጥ ምች ያለበት ሆኖ ተገኘ። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትና ፈሳሽ እየተሰጣቸው ከሰነበቱ በኋላ ልጆቻቸውን በየስማቸው እየጠሩ መርቀው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ለዚህ ያስፈለገው የትንፋሽ መቁጠሪያ ሰዓትና ማዳመጫ፣ ከዚያም “ይህ የጀመራቸው መቼ ነው?” የሚል ጥያቄ ብቻ ነበር። በነገራችን ላይ የጾም ወራት ሲገባ ይህን ጥያቄ አብዝቶ መጠየቅ ይገባል፤ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይቀምሱ አረጋውያን ብዙ ናቸው። የነፍስ አባቶች “ለሕመምተኛ የተፈቀደ ነው” ብለው ከነገሯቸው ከማንም ምክር ይልቅ ይሰማሉ።

ቀስ ብሎ ለሚመጣ መርሳትም ቢሆን የሚስተካከሉ ምክንያቶች አሉ። የደጋው ሕዝብ በአዮዲን እጥረት ለእንቅርት ሲጋለጥ የኖረ ነው፤ የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሲቀንስ ሰው ይፈዛል፣ ይረሳል። የቫይታሚን ቢ12 ማነስ እንዲሁ ያደርጋል። ወድቀው ራሳቸውን የተመቱ አዛውንት ከሳምንታት በኋላ በራስ ቅላቸው ውስጥ ደም ሊቋጥሩ ይችላሉ። ጆሯቸው የደከመና ዓይናቸው በሞራ የተጋረደ ሰዎች ደግሞ ሳይረሱ የረሱ ይመስላሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የባለሙያዎች ሪፖርት መከላከል የሚቻሉ 14 መነሻዎችን ዘርዝሮ፣ እነዚህን በመቆጣጠር 45 በመቶ የሚሆነውን የመርሳት በሽታ መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል አመልክቷል። ከተዘረዘሩት መካከል ያልታከመ የደም ግፊት፣ የመስማትና የማየት ችግር፣ ብቸኝነት፣ አልኮል ማብዛትና የተበከለ አየር ይገኙበታል። ይህን ከእኛ ኑሮ ጋር ሳስተያየው በኩበት ጭስ የታፈነው ማድ ቤታችንና በየዕለቱ የሚጨለጠው አረቄ ያሳስቡኛል።

የማስታወስ ምርመራው ራሱ ለእኛ ሰው እንዲሆን ተደርጎ መዘጋጀት ይኖርበታል። በተለመደው ምርመራ ከሚጠየቁት መካከል ዛሬ ቀኑ ስንት ነው፣ ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ ይቁጠሩ፣ ይህን ሥዕል አስመስለው ይሳሉ የሚሉት ይገኛሉ። ዕድሜ ልካቸውን እርሳስ ያልጨበጡ የመንዝ እናት በእነዚህ ጥያቄዎች ቢወድቁ ታመዋል ማለት አይቻልም። እኒያው እናት ዛሬ የማን በዓል እንደሆነ፣ ጾሙ ስንተኛው ሳምንት ላይ እንደደረሰ፣ የማኅበሩ ጽዋ ተራ የማን እንደሆነ ቢጠየቁ ግን እውነተኛው አቅማቸው ይታያል። የይፋት ሙስሊም አባትም ረመዳን ስንት ወር እንደቀረው፣ አሁን የየትኛው ሶላት ሰዓት እንደሆነ ይጠየቁ። እኔ እንደማምነው ከሁሉም የሚበልጠው ለቤተሰብ የሚቀርበው ጥያቄ ነው፤ አምና በራሳቸው ይሠሩት ከነበረው ዘንድሮ ያቃታቸው ምንድን ነው?

ድባቴን በተመለከተ አረጋውያን “አዝኛለሁ” ብለው ወደ ጤና ጣቢያ አይመጡም። ራሴን ይወጋኛል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ሆዴን ይነፋኛል፣ ሰውነቴ ዝሎብኛል ይላሉ፤ ሲቆዩም “ፈጣሪ ረሳኝ፣ ለምን አይወስደኝም” ይላሉ። ዞናችን ባለፉት ዓመታት ያየውን መከራ አንባቢ ያውቀዋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. አጣዬና ሸዋ ሮቢት የደረሰባቸውን፣ ከየቦታው ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የተጠለሉትን ወገኖች ማስታወስ ይበቃል። ልጃቸውን የቀበሩ፣ ያረሱትን ማሳ ጥለው በመጠለያ የሚያረጁ፣ ልጆቻቸው ወደ አዲስ አበባና ወደ ዓረብ አገር ሄደውባቸው ቀያቸው ውስጥ ብቻቸውን የቀሩ ሰዎች ቢያዝኑ ሐዘኑ ሕመም ነው አልልም። ነገር ግን ሐዘኑ ምግብና እንቅልፍ ከልክሎ፣ ከሰው አርቆ፣ ይወዱት የነበረውን ሁሉ አስጠልቶ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲዘልቅ ሊታከም የሚገባው ድባቴ ነው። ድባቴው መርሳትን ሲያስከትል ደግሞ መርሳቱ ብዙ ጊዜ ከሕክምናው ጋር ይቀንሳል። በዓለም ላይ ራሳቸውን ከሚያጠፉ ሰዎች ሩብ ያህሉ ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው ናቸውና ስለዚህ ሐሳብ በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጥያቄው ሐሳቡን በሰው ልብ አይዘራም።

የሥራ ባልደረቦቼንም ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ልማጸናቸው። አሚትሪፕቲሊን በየጤና ጣቢያው ስላለና ርካሽ ስለሆነ ለእንቅልፍ ማጣትም፣ ለሕመም ስሜትም፣ ለድባቴም ይታዘዛል፤ በአረጋውያን ላይ ግን ግራ መጋባትን፣ የሽንት መከልከልንና መውደቅን ሊያመጣ ይችላል። ለጭንቀትና ለእንቅልፍ የሚሰጠው ዳያዜፓምም ግራ መጋባትንና መውደቅን ሊያመጣ ይችላል። የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ዝም ለማሰኘት ሲባል ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚታዘዘውን ክሎርፕሮማዚን መስጠት የመጀመሪያው እርምጃ መሆን የለበትም። ሰውዬው የሚረበሹት አሟቸው፣ ርቧቸው፣ ሽንታቸው መጥቶ ወይም ፈርተው ሊሆን ይችላልና።

የመርሳት በሽታን ከሥሩ የሚፈውስ መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ሸክሙም በቤተሰብ ላይ ይወድቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አስታማሚ ቤተሰቦች በአማካይ በቀን አምስት ሰዓት ለዚህ ሥራ ያውላሉ፣ ከማስታመሙም 70 በመቶውን የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። በእኛ አገር ይህች ሴት ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት፤ ውሃ ትቀዳለች፣ ኩበት ትጠፈጥፋለች፣ ሌሊት ደግሞ በር ትጠብቃለች። የመንዝ ሌሊት ብርድና የአካባቢው ገደል በሌሊት ለሚወጣ ሕመምተኛ ምን ማለት እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው፣ ጨንቆት አባቱን በገመድ ያሰረውን ልጅ ከመውቀሱ በፊት የሚያግዘው ሰው እንደነበረው ይጠይቃል። ማሰር ግን ያቆስላል፣ ፍርሃቱንም ያባብሳል። ከዚያ ይልቅ በሩ ሲከፈት የሚጮህ ቃጭል ማንጠልጠል፣ ምድጃውን መከለል፣ ቀን በሥራ እንዲውሉ ማድረግ ይሻላል። የእጅ ሥራ ከስምና ከቀን ይልቅ ዘግይቶ የሚጠፋ ነገር ነው፤ የልጆቻቸውን ስም የማያስታውሱ እናት የበግ ፀጉር ቢሰጧቸው በእንዝርት ሊፈትሉ ይችላሉ፣ እየፈተሉም ይረጋጋሉ።

ለጠያቂዎችም የምለው አለኝ። የታመመ ለመጠየቅ ስንገባ የመጀመሪያው ቃላችን “አወቁኝ? እስቲ ማን ነኝ?” የሚል ነው። ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ለታመመው ሰው በየቀኑ የሚወድቅበት ፈተና ነው። “እማማ፣ እንደምን ዋሉ? እኔ የእገሌ ልጅ ነኝ” ብሎ መግባት ከብዙ እንባ ያድናል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንደሚያደርግ ተደንግጓል። አቅም ውሱን መሆኑን ስለማውቅ አዲስ ሆስፒታል ይሠራ አልልም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እናቶችንና ሕፃናትን ለመጎብኘት ወደ ቤት ሲገቡ በዚያው ቤት ያሉትን አረጋዊ ደግሞ የደም ግፊታቸውን ይለኩ፣ ስለ እንቅልፋቸውና ስለ ምግባቸው ይጠይቁ፣ ቤተሰቡንም ለውጡ መቼ እንደጀመረ ይጠይቁ። በየጤና ጣቢያው ቢያንስ አንድ ባለሙያ ድንገተኛ መቃዠትን፣ ድባቴንና የመርሳት በሽታን ለይቶ እንዲያውቅ ይሠልጥን፤ የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ቦታ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ያዘጋጀው መመሪያ በአገራችንም ሥልጠና እየተሰጠበት ያለ ነው። ሕመምተኛውን ወደ ጸበል የሚወስዱ ቤተሰቦች መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ የጸበል ቦታ አገልጋይ ካህናትና የጤና ጣቢያው ባለሙያ ይነጋገሩ።

እድሮቻችንም አሉ። ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ሐዘንተኛውን ለቀናት ብቻውን አንተውም። ይኸው ወግ ሰውየው በሕይወት ሳሉም ይጀመር፤ የመርሳት በሽታ ያለባቸው አባል ባሉበት ቤት እየተፈራረቁ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን የሚቀመጡ ሰዎች ቢመደቡ ያች ምራት ገበያ ትወጣለች፣ ትተኛለች፣ የራሷንም ሕመም ትታከማለች። በደንባቸው ላይ አንድ አንቀጽ ለመጨመር የጠቅላላ ጉባኤ ስብሰባ ይበቃቸዋል።

ጋዜጣችሁ በበኩሉ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ለአስታማሚ ቤተሰቦች ጥያቄ መልስ የሚሰጡበት ዓምድ ቢከፍት፣ የዞናችን ጤና መምሪያም ከላይ ስለጠቀስኩት የቤት ለቤት ጥየቃ ያለውን ሐሳብ በዚሁ ጋዜጣ ላይ ቢገልጽልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጡረታ የወጡ ነርስ፣ ከደብረ ብርሃን