እማዬ፣ ካሜራው ለጨዋታ አይደለም

ይድረስ ለእማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ብሩ መድረሱን ሰይድ ጽፎልኛል። መጀመሪያ የአባዬ ዓይን ይታከምበት፤ ሐኪሙ ሞራው ይገፈፍ ካለ ለሰርጉ ብላችሁ ቀን እንዳታስተላልፉ። የተረፈው የሙሽራዋ እህቴ የዘሀራ ነው።

ድምፄ የጠፋው ፈረቃዬ ወደ ሌሊት ዞሮ ነው። ሥራው ደህና ነው፣ የፍራንክፈርትን ብርድም ለምጄዋለሁ፤ አብሽሪ፣ አታስቢ። አጎቴ ግን «ብሩን በካሜራ ጨረሰው» ማለታቸውን ስሰማ ከነከነኝ። ካሜራው ያገለገለ ነው። በትርፍ ሰዓት ሥራ ነው የገዛሁት፤ ከእናንተ ድርሻ ሳንቲም አልነካሁም። የፎቶ ትምህርቱም ፎልክስሆኽሹለ በሚባል የማታ ትምህርት ቤት ነው፤ ክፍያው ለሠራተኛ የማይከብድ፣ ሹፌሩም ነርሷም ጡረተኛውም አብሮ የሚቀመጥበት።

ፎቶማ ድሮም አነሳ ነበር፤ ግን በዘፈቀደ። መምህርታችን አውቶማቲኩን አስዘግታ፣ ሌንሱንም ባለ 50 ሚሊሜትሩ ብቻ እንዲሆን ወስና፣ ብርሃንን ከሥሩ አስጠናችን፦ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት፣ የመዝጊያውን ፍጥነት፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚለካውን አይኤስኦውን። በየሳምንቱ አንድ ሥራ ትሰጣለች። ያንኑ አንድ መስኮት ጧት፣ ቀትርና ማታ አንሱ ትላለች። ከዚያ አሳትመን ጠረጴዛ ላይ እንዘረጋለን፤ ባለቤቱ ዝም ይላል፣ ሌላው ይናገራል። መጀመሪያ ያማል፤ ግን እንደዚያ ያሻሻለኝ ነገር የለም። አንዴ በባቡር ወደ ቬትዝላር ወሰደችን፤ ኦስካር ባርናክ የሚባለው ሰው በ1914 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዋን ላይካ የምትባል ትንሽ ካሜራ የሠራባት ከተማ ናት። አስም ስለነበረበት ከባዱን ካሜራ ተሸክሞ መውጣት ይከብደው ነበር፤ ኪስ የምትገባ ሠራ።

እማዬ፣ ከሁሉ የበለጠብኝን ልንገርሽ። ካሜራ ያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ሊያደርገው ይሻል፤ ከፊቱ ነጭ ከበዛ አጨልሞ ያነሳል። በዒዱ ፎቶ ላይ ነጠላሽ አመድ መስሎ ፊትሽ የጠፋው ለዚህ ነው። ያን ፎቶ ስንቴ አጉልቼ አየሁት። ግንባርሽ ላይ ያለችው ጠባሳ፣ ስትስቂ የሚጠብቡት ዓይኖችሽ፣ አንዱም አይታይ። በነጭ የተከበበ ጠይም ፊት ሲነሳ ብርሃኑን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አንድ ደረጃ ማለት እጥፍ ነው። ይህን የተማርሁ ማታ መጀመሪያ ያሰብሁት አንቺን ነው።

ሰርጉ ላይ አልገኝም። ወረቀቴ አላለቀም፤ ብወጣ መመለሻ የለኝም። ሽማግሌ ሲመጣ ታላቅ ወንድም ቤት መኖር ነበረበት፤ ኒካሁን ግን በስልክ ልሰማው ነው። ሸዋበር ላይ ዝናብ ሲይዘን በኮቴ ጠቅልዬ ያዘልኋት ልጅ ሙሽራ ሆነች ሲሉኝ ሥራ ላይ እንዳለሁ እንባዬ መጣ። ልጁ ጠባዩ እንዴት ነው? ስታወራ ያዳምጣታል? ኮምቦልቻ ይዟት ይወርዳል ወይስ ደሴ ይቀመጣሉ? ይህን ማንም አልጻፈልኝም። ቅር ብሎኛል።

ስለዚህ ካሜራውን ልኬዋለሁ። የሚያመጣው ልጅ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ሰይድ ይቀበለው። እኔ የትምህርት ቤቱን እየተዋስሁ እቀጥላለሁ። አጎቴም ይህን ይስሙ።

ሰይድ፣ ደብዳቤውን የምታነብላት አንተ ስለሆንህ ላንተም ልንገርህ። የሰርግ ፎቶ አንሺው የራሱን ይሥራ፤ አንተ የቤተሰቡን አንሳ። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ይዘህ እማዬ ነጠላ ስትለብስ ወደ መደመር አንድ ቁጥር ውሰዳት። ነጠላው ጭራሽ ጥለቱ እስኪጠፋ ከነጣ ትንሽ መልስ። ቀትር ላይ ማንንም ፀሐይ ላይ አታቁም፣ ዓይን ጉድጓድ ይሆናል፤ በረንዳው ጥላ ውስጥ አስገባቸው። ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ቶሎ ስለምትገባ የውጭውን ከአስር ሰዓት በፊት ጀምር። ጉም ከወረደ አትዘን፤ ለፊት እንደሱ ያለ ለስላሳ ብርሃን አይገኝም። አባዬን ከመስኮቱ ጎን አስቀምጠውና በታከመው ዓይኑ ወደ ዘሀራ ሲያይ ጠብቅ። ደጋግመህ አንሳ፤ ያልወደድኸውንም ሳታጠፋ፣ በስልክ ሳታሳምር ሁሉንም ላክልኝ፤ እኔ አንድ በአንድ አይቼ እጽፍልሃለሁ።

ዱዓሽ አይለየኝ።

ልጅሽ