ቁልቁል ከስድስት ኪሎ፦ የቱሪዝም ክበብ 2017

ዘንድሮ ክበባችን ብዙ ሰራ ብዬ ብዋሽ ልጆቹ ራሳቸው ይስቁብኛል። መስከረም ላይ 40 ምናምን ልጅ ተመዝግቦ ህዳር ላይ 17 ቀረን፣ የግድግዳ ጋዜጣው ሁለቴ ወጣ፣ የፖስትካርድ ሽያጩ ከሰረ፣ በቃ። ግንቦት ላይ ያለችው አንዷ ቅዳሜ ግን ዓመቱን ስለካሰችን ስለሷ ላውራ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ አዲስ አበባ ተወልደን አድገን ሙዚየም ያልረገጥን ሰዎች አንድ ቀን እንደ ቱሪስት እንዋል ተባባልን፣ ጠዋት ከስድስት ኪሎ ተነስተን ቁልቁል በእግር፣ ማታ ደግሞ ኮንሰርት። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቦታ ተሰጥቶታል፣ አጥንቶ የሚያስጎበኘውም እሱ ነው፣ እኔ ዝም (ከሁሉም የከበደው ይሄ ነበር)።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም የድሮው ገነተ ልዑል ቤተመንግስት ነው። የጃንሆይን መኝታ ቤት አዩ፣ ሴልፊ ከለከልኳቸው፣ ያፈዘዛቸው ግን ደጅ ላይ ያለው የትም የማያደርስ ደረጃ ነው። ጣሊያን ነው የሰራው፣ ሙሶሎኒ ስልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለየዓመቱ አንድ እርከን፣ ከነጻነት በኋላ ደግሞ ጫፉ ላይ ትንሽዬ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። እንቁጠር ብለው ሁለት ልጆች ሁለት የተለያየ ቁጥር አመጡ። የዘጠነኛ ክፍሏ አስጎብኚያችን "እነሱ ደረጃውን ሰሩ፣ አንበሳው ወጣበት" ብላ ዘጋችው፣ እኔ 20 ደቂቃ እፈጅበት ነበር። ከዛች ሰዓት ጀምሮ አንዱ የሰባተኛ ክፍል ልጅ አንበሳ መቁጠር ጀመረ።

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብተን ድንቅነሽ ጋ ጉድ ፈላ፣ ለጎብኚ የሚታየው ቅጂው እንደሆነ ሲነገራቸው "ታዲያ ለጄሶ ነው እንዴ የተሰለፍነው ቲቸር?" አለ አንዱ፣ አስጎብኚው ልጅ ተናዶ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የቆየ አጥንት ላይ አንተ ስትተነፍስበት እንዲውል ነው ወይ የምትፈልገው አለው፣ ተሳቀ። አራት ኪሎ ሥላሴ ከጃንሆይና ከእቴጌ መነን መቃብር ይልቅ ደጅ ያለው የሲልቪያ ፓንክረስት መቃብር ጋ ቆየን፣ እንግሊዛዊት ሆና በወረራው ጊዜ ለኢትዮጵያ ጋዜጣ አውጥታ የተሟገተች ሴት መሆኗን ብዙዎቹ ያን ቀን ነው የሰሙት።

ከምሳ በኋላ ግን ያው እግር ከዳን፣ ጊዮርጊስን ከውጪ ተሳልመን አለፍን፣ ፒያሳ አድዋ መታሰቢያ ውስጥ ግማሾቹ መቀመጫ ፍለጋ ላይ ነበሩ። ይህን ሁሉ ቦታ በአንድ ቀን ማጨቄ የኔ ጥፋት ነው። የአንዷ ልጅ ጫማ ሶሉ ተገንጥሎ በፌስታል አስረንላት ቸርችልን ወረድን፣ ፌስታሉ እየተንኮሻኮሸ።

ማታ ብሔራዊ ቴአትር፣ ባህላዊ ሙዚቃ። ይተኛሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፣ እውነትም ሶስቱ ቦርሳቸው ላይ ተኙ። ማሲንቆ ተጫዋቹ ብቻውን ሲወጣ ግን ቀኑን ሙሉ ያላረፈው የሰባተኛ ክፍሉ ልጅ ጆሮዬ ስር "አንድ ክር ብቻ ነው እኮ ያለው" አለኝ፣ ከዛ እስኪጨርስ ቃል አልወጣውም፣ እኔም የወላጅ ስልክ ሲጠራ (አንዲት እናት ሰባቴ ደውለዋል) ሳላነሳ ቀረሁ፣ ይቅርታ።

ስንወጣ መሽቷል፣ ሚኒባሱ እየጠበቀን ነው፣ አንድ ልጅ ጎደለ። ፊት ለፊት ያለው ትልቁ የድንጋይ አንበሳ ስር አንጋጦ ቆሞ አገኘሁት። "ቲቸር፣ ይሄኛው እንደ ስንት ይቆጠራል?"