ድምፅህን ለምን ታፍነዋለህ?

ወዳጄ፣

ዝምታዬ በዛ፤ ይቅር በለኝ፣ ሰበቡን ስንገናኝ እነግርሃለሁ። ዛሬ ያስጻፈኝ የላክልኝ ዘፈን ነው። ያን የመሰለ ድምፅ ይዘህ አዝማቹ ላይ ስትደርስ ወደ ኋላ ትሸሻለህ! ለምን?

ሥራውን ሁሉ በአንድ ኮምፕሬሰር (የጮኸውን ድምፅ በራሱ የሚቀንስ መሣሪያ) ላይ ስለጣልክ ይመስለኛል። ስንኙን በለሆሳስ፣ አዝማቹን በሙሉ ጉልበት ነው የምትዘፍነው። ትሬሽሆልዱ (መቀነስ የሚጀምርበት የድምፅ ልክ) ለስንኙ እንዲበቃ ከወረደ፣ አዝማቹ ላይ 10 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ይቀንስብሃል። ስለዚህ መጀመሪያ የጮኸውን ሐረግ ቆርጠህ በክሊፕ ጌይን (የዚያን ቁራጭ መጠን ብቻ በሚቀይረው) አውርደው። ቀጥሎ 80 ሄርዝ አካባቢ ሃይ ፓስ (ከዚያ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ የሚቆርጥ ማጣሪያ) አስገባ፤ ከኮምፕሬሰሩ በፊት ግን! አለዚያ «በ» እና «ፐ» ላይ ማይኩን የሚመታው ትንፋሽ ኮምፕሬሰሩን ያለ ቦታው ያሠራዋል።

ከዚያ ሥራውን ለሁለት ክፈለው። የመጀመሪያው ፈጣን፣ 4 ለ 1 (ከትሬሽሆልዱ በ4 ዴሲቤል ያለፈውን ወደ 1 የሚያወርድ)፣ ድንገት የሚዘሉትን ብቻ 2 ወይም 3 ዴሲቤል የሚይዝ ይሁን። ሁለተኛው 2 ለ 1፣ አታኩ (ለመቀነስ የሚወስድበት ጊዜ) ከ20 እስከ 30 ሚሊሰከንድ። አሁን ቃሎችህ የደነዘዙት አታኩ በጣም ስላጠረ ሳይሆን አይቀርም፤ የፊደሉን መነሻ ይውጠዋል። ሪሊዙን (ቅነሳውን የሚለቅበትን ጊዜ) ደግሞ የቅነሳ መለኪያው መርፌ ከሚቀጥለው ቃል በፊት እስኪመለስ አስተካክል፤ በጣም ካሳጠርከው ትንፋሽህ ከግጥሙ እኩል ይሰማል። ኮምፕሬሰሩን አብርተህና አጥፍተህ ስታወዳድር መጠኑን እኩል አድርግ፤ የጮኸ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል።

ሌላው... እንዴት ልበልህ፣ መጨረሻው ላይ ድምፅህ ሲጠፋ ሪቨርቡ (ማስተጋባቱ) ብቻውን ይቀራል። ሴንዱ (ድምፁን ወደ ሪቨርቡ የሚልከው) ፕሪ ፌደር፣ ማለትም ከመጠን ማንሸራተቻው በፊት፣ ላይ ነው መሰለኝ፤ ወደ ፖስት ፌደር፣ ከማንሸራተቻው በኋላ፣ ቀይረው፣ ሪቨርቡም ለብቻው ትራክ ላይ 100 ፐርሰንት ዌት (ጥሬው ድምፅ የሌለበት ማስተጋባት ብቻ) ይሁን። የድምፆቹን ግሩፕ (ትራኮቹ ተደምረው የሚያልፉበትን) በፌደር የምታወርድ ከሆነ ግን ሴንዱ ከግሩፑ ላይ ይነሳ፤ ከየትራኩ ከወጣ ሪቨርቡ አብሮ አይወርድም።

አጃቢ ድምፆቹም ባዶ ባዶ ይላሉ። ሪቨርቡን አጥፍተህ ግሩፓቸውን ሚዩት አድርግ (ድምፁን ዝጋ)። አሁንም ከተሰሙ በቀጥታም ወደ ማስተር (የመጨረሻው መውጫ) እየሄዱ ነው ማለት ነው። ያው ድምፅ በሁለት መንገድ ሲደርስ በ6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ አንዱ መንገድ በፕለጊን (ድምፁን በሚያቀነባብር ተጨማሪ ፕሮግራም) ምክንያት ጥቂት ከዘገየ ደግሞ በከፊል እርስ በርሱ ይሰራረዛል።

ቆይ፣ ይህን ቅጂ ለማንም አልሰጠህም አይደል? ካልሰጠህ ጥሬ ትራኮቹን ላክልኝ፤ ያንን አዝማች እንደምታውቀው እወደዋለሁ።