የአባታችንን ውርስ በሰላም ላስጨረሳችሁልን ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

እንደምን ሰነበታችሁ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ወገኖቻችን።

የአባታችን የውርስ ጉዳይ አልቋል። ፍርድ ቤት ገብተን ስንወጣ ወንድምና እህት ሆነን ነው የወጣነው። ውርስ ስንቱን ቤተሰብ እንደበተነ የሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል እንዳልሆነ ይረዳናል። ስለዚህ ምስጋናችን በአደባባይ ይሁን ብለናል።

በመጀመሪያ ጉዳያችንን የያዙልንን ጠበቃና አብራቸው የምትሠራውን ወጣት ጠበቃ እናመሰግናለን። ስማችንን አትጥሩ፣ ማስታወቂያ ይመስላል ብለውናል። ቃላቸውን አክብረናል። ፒያሳ አካባቢ ያላችሁ ግን ማንን እንደምንል ሳታውቁ አትቀሩም።

ሰውዬው ገና ወንበር ሳንይዝ «መጀመሪያ የማይገባችሁን ልንገራችሁ» አሉን። ቤቱ በአባታችን ስም ነው፤ ካርታው ላይ የእናታችን ስም የለም። ዘመድ ሁሉ «የአባት ቤት የልጅ ነው» እያለ በቃሉ አከፋፍሎት ጨርሷል። ጠበቃው የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ቤቱ መቼ ተሠራ? ከጋብቻ በኋላ መሆኑን ስንነግራቸው «እንግዲያው ግማሹ የእናታችሁ ነው። ውርስ አይደለም፣ የራሷ ሀብት ነው» አሉ። በክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ሚስትን ከሕጋዊ ወራሾች ተራ አያስገባትም። ግማሿ ተለይቶ ባይያዝላት እማ ባዶ እጇን ልትቀር ነበር ማለት ነው። ይህን ስትሰማ «ታዲያ እስካሁን በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ ኖሬያለሁ?» ብላ አሳቀችን።

የቀረው ግማሽ ለልጆች እኩል ይካፈላል። የፈራነው እዚህ ላይ ነበር። ኮምቦልቻ ያለችው እህታችን ከሌላ እናት፣ ከጋብቻ ውጪ የተወለደች ናት። እኛ ሙስሊም፣ እሷ ክርስቲያን። ይህን የምጽፈው ራሷ ፈቅዳልኝ ነው። አንድ አጎታችን «አባታችሁ ተናዟል» ብሎ እሷን ከውርስ የሚነቅል ወረቀት ይዞ መጣ። ጠበቃው አንዴ አንብበው መለሱለት። የፈረሙት ምስክሮች ሁለት ናቸው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ያለ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ መፈረም አለበት። ሁለት ምስክር የሚበቃው አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል የማዋዋል ሥልጣን ያለው ሹም ሲሆን ነው። አባታችን በእጁ የጻፈው ቢሆን ሌላ ነገር ነበር፤ የእሱ እጅ ጽሑፍ እንዳልሆነ ግን አጎታችንም አልካደም።

ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንውሰደው ያለም ነበር። ጠበቃው «መጀመሪያ እህታችሁን ጠይቋት» አሉ። በሃይማኖት ሕግ መዳኘት የሚቻለው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ መሆኑ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ተቀምጧል። እሷ አልፈቀደችም፣ መብቷ ነው። ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ እኩል መብት እንዳለው ደግሞ እዚያው አንቀጽ 36 ላይ ተጽፏል። እማን አንቀጽ አላስፈለጋትም። «የሰው ሀቅ ቤቴ አይግባ» ብላ ነገሩን ዘጋችው።

ችግሩ ማስረጃ ነበር። በ2014 ከተማችን በጦርነቱ ስትያዝ ቤታችን ተዘርፎ የኒካሁ ወረቀትም ሌላውም ሰነድ ጠፍቷል። ወጣቷ ጠበቃ «አብሽሩ፣ ሰው አለ አይደል?» ብላ ማን ምን እንደሚያውቅ አንድ በአንድ ጠይቃ የምስክሮቹን ዝርዝር አዘጋጀች። ጎረቤቶቻችን አባትና እናታችን ባልና ሚስት ሆነው መኖራቸውን መሰከራችሁ። የኮምቦልቻ ሰዎች ደግሞ አባታችን «ልጄ» እያለ ያሳደጋት መሆኑን ተናገራችሁ። ሰኞ ገበያ ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁም አላችሁ፤ ያውም በሰኞ ቀን! ጀዛችሁን አላህ ይክፈላችሁ።

የወራሽነት ማስረጃው ወጣ። ከዚያ በኋላ ክርክር አልቀጠልንም። ሽማግሌዎች ገቡ፣ እህታችን ድርሻዋን በገንዘብ ወሰደች፣ እማ ከቤቷ አትነቃነቅም። ጠበቆቹ ስምምነቱን ጽፈው ፍርድ ቤት አስመዘገቡልን። ክፍያቸውን በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ነው ያሳወቁን፤ መሃል ላይ የተጨመረ ነገር የለም። አቅም ለሌለው ሰው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥ የነገሩንም እነሱው ናቸው። ደንበኛ የሚሻማ ጠበቃ እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

የፊታችን እሁድ የአባታችን ሰደቃ ነው። አጎታችንም ይመጣል፣ ታርቀናል። ጠበቆቻችን ደግሞ «ሥራ አለብን» ብላችሁ እንዳትቀሩ። እማ ከእናንተ ጋር ገና ሂሳብ አላወራረድኩም ብላለች።