ሞተር ሲቀየር ስለ ጎሚኒውም ይታሰብ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በከተማችን በአዳማ የቆዩ መኪኖችን ሞተር መቀየር የጋራዦች የዘወትር ሥራ ሆኗል። ባለንብረቱ ስለ ሞተሩ ጤንነት፣ ከካምቢዮው ጋር ስለ መግጠሙና በሊብሬው ላይ ስለሚሰፍረው የሞተር ቁጥር አጥብቆ ይጠይቃል፤ ሞተሩን ተሸክመው ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አጽም) ጋር ስለሚያገናኙት ጎሚኒዎች፣ ማለትም ብረት ስለተጣበቀባቸው የጎማ መደገፊያዎች፣ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔም ሳልጠይቅ ቀርቼ ዋጋ ስለከፈልኩበት ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ከአባቴ የወረስኩት ኤፍ ጄ 45 ላንድክሩዘር ፒካፕ ባለ 6 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነበረው። ባለ 4 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ሲገባለት መካኒኩ የድሮዎቹን ጎሚኒዎች ቀዳዳ አስፍቶ መልሶ ገጠማቸው። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ) በሠራ ቁጥር መሪው እጄ ላይ ይንዘፈዘፍ፣ በመስተዋቱም የኋላውን መንገድ አጥርቶ ማየት ያቅተኝ ነበር። በሦስተኛው ወር ሽንኩርት ጭኜ ከዴራ ወደ ኢተያ የሚወጣውን አቀበት በአንደኛ ማርሽ ስጀምር በሹፌሩ በኩል ያለው ጎሚኒ ተገነጠለ፤ ሞተሩ በዚያ ጎን ተነሥቶ ቬንትሌተሩ ራዲያተሩን በላው። የተገነጠለውን ጎማ ሳነሣው ከላዩ ባለው ፓምፕ በሚንጠባጠብ ናፍጣ ርሶ እንደ ማስቲካ ይለጠጥ ነበር፤ ተጣብቆበት የነበረው ብረት ደግሞ እንደ ተላጨ ባዶውን ቀርቷል።

ጥፋቱ የጎማው እርጅና ብቻ አልነበረም። በሚኒሞ በደቂቃ 720 ዙር የሚዞር ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር በሰከንድ 36 ጊዜ ሲተኩስ (ነዳጅ ሲያቃጥል) ባለ 4 ሲሊንደሩ የሚተኩሰው 24 ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ለፈጣኑ ንዝረት የተመረጠ ጎማ ዘገምተኛውንና ከባዱን የናፍጣ ምት ሳያስቀር ወደ ሻንሲው ያሳልፈዋል። ከዚህም በላይ በአንድ መስመር የተደረደሩ 6 ፒስተኖች አንዱ የሌላውን መንቀጥቀጥ ያጠፋሉ፤ 4 ሲሆኑ ግን በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ የሚመላለስ ንዝረት ይተርፋል።

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። ሞተሩንና ካምቢዮውን አንድ ላይ በሚዛን ሳስመዝናቸው 420 ኪሎ ሆኑ። በሰንሰለት አንጠልጥለን ሚዛን የጠበቁበትን ቦታ ስንለካ ከፊት ጎሚኒዎች 25 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ሆኖ ተገኘ፤ የኋላው ጎሚኒ ደግሞ ከፊተኞቹ 1 ሜትር ይርቃል። በዚህ ስሌት የኋላው 105 ኪሎ፣ የፊተኞቹ እያንዳንዳቸው 157 ኪሎ ያህል ይሸከማሉ ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ ጎሚኒ መግዛት፣ የእግርን ልክ ሳያውቁ ጫማ መግዛት ነው።

ጎሚኒው ግን የሚሸከመው ክብደትን ብቻ አይደለም። 200 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ጉልበት መለኪያ ነው) የሚሰጥ ሞተር በአንደኛ ማርሽ ጉልበቱ 5 እጥፍ ሲሆን ሞተሩና ካምቢዮው በ1,000 ኒውተን ሜትር ወደ ጎን ሊገለበጡ ይታገላሉ። የፊት ጎሚኒዎች በ50 ሳንቲሜትር ቢራራቁ በአንዱ በኩል 200 ኪሎ ያህል ተጨማሪ ጭነት ሲያርፍ በሹፌሩ በኩል ያለው በዚያው መጠን ወደ ላይ ይሳባል። 157 ኪሎ ክብደት የ200 ኪሎ ጉተታን ሊገታ አይችልምና ጎማው ከብረቱ ለመላቀቅ ይገደዳል፤ ጎማ ደግሞ መጨመቅን እንጂ መጎተትን አይችልም። ስለዚህ ጎማው ቢበጠስ እንኳ ሞተሩን የሚይዝ፣ ብረቱ ከብረት ጋር የተቆላለፈ ጎሚኒ መምረጥ ግድ ነው። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1971 ከ6.6 ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪዎችን ለጥገና የጠራው ጎሚኒያቸው ሲላቀቅ ሞተሩ እየተነሣ የነዳጅ መስጫውን ከፍቶ ስለሚይዘው ነበር፤ መፍትሔ ሆኖ የተገጠመውም ሞተሩን ወደ ታች የሚያስር የብረት ገመድ ነው።

ራዲያተሩን ሳሠራ አንድ ባለሙያ ጎሚኒውን አውጥተን በብየዳ እንጨርሰው ብሎኝ ነበር። ይህ ምክር በየጋራዡ ይሰማል፤ እኔ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ሻንሲ በጉድጓድ መንገድ ላይ ይጠማዘዛል፤ ሞተሩ ከእሱ ጋር አንድ ሆኖ ከተበየደ የሞተሩ ጆሮ (ጎሚኒው የሚታሰርበት ቦታ) ወይም የፍሪሲዮኑ ቤት ይሰነጠቃል።

በመጨረሻ ለናፍጣ ሞተር የተሠሩ ተቆላላፊ ጎሚኒዎች ገዛሁ። ሞተሩ ሲያርፍባቸው 4 ሚሊሜትር ያህል ተጨመቁ። ቡሎኖቹን ያጠበቅነው ሞተሩ በራሱ ክብደት ከተቀመጠና ጥቂት ከሠራ በኋላ ነው። በፓምፑ ሥር ናፍጣው ጎማው ላይ እንዳይወርድ ቆርቆሮ አበጀን፤ ጎማ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍም ከሞተሩ ወደ ሻንሲው ወፍራም የማሳ ሽቦ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ) ዘረጋን።

መለዋወጫ ሻጮች በጎሚኒው ማሸጊያ ላይ የሚችለውን ክብደትና የጎማውን ጥንካሬ እንዲገልጹልን፣ የሞተር ለውጥን የሚያጸድቁ መርማሪዎችም ከሞተር ቁጥሩ ጋር ጎሚኒውንና አያያዙን እንዲያዩ በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ