«ጥቂቶቹ» የተባሉት በመጀመሪያው ድምፅ አሸንፈው ነበር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሩሲያ ሶሻሊስቶች መከፋፈል ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄ አነበብኩት። አንድ ቦታ ላይ ግን ቅር አለኝ። ቦልሼቪኮች (የሌኒን ወገን፤ ስሙ በሩሲያኛ «ብዙኃኑ» ማለት ነው) ከመነሻው ብዙኃን፣ ሜንሼቪኮች («ጥቂቶቹ») ደግሞ ከመነሻው ተሸናፊ አናሳ ነበሩ ትላላችሁ። እኔም በ1967 ዓ.ም. በጥናት ክበብ የተማርኩት ይህንኑ ነው። ያኔ «ሜንሼቪክ» ስድብ ነበር። ከ«ከላሽ» እና ከ«አድርባይ» ጋር አብሮ ይወረወራል። የሜንሼቪኮቹን መሪ የማርቶቭን ጽሑፍ ግን ከመካከላችን ያነበበ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱም ወገኖች የነበሩበት የሩሲያ ሶሻል ዴሞክራቲክ ሠራተኞች ፓርቲ ሁለተኛ ጉባኤውን በ1903 ብራስልስ ላይ ጀመረ። የቤልጂየም ፖሊስ ስላዋከባቸው ልዑካኑ ወደ ለንደን ተሻገሩ። ሌኒንና ማርቶቭ የተጋጩት በደንቡ አንቀጽ አንድ ላይ ነው። የፓርቲ አባል የሚባለው ማን ነው? ሌኒን፣ ከፓርቲው ድርጅቶች በአንዱ ውስጥ ራሱ ገብቶ የሚሠራ ብቻ ነው አለ። ማርቶቭ ደግሞ በድርጅቱ አመራር ሥር ሆኖ በቋሚነት የሚያግዝም አባል ይሁን አለ። ሲያዩት የቃላት ጭቅጭቅ ይመስላል፤ አይደለም። ሌኒን በዓይኑ የሚታየው ከዛር ፖሊስ ተደብቆ የሚሠራ ጥብቅ የሕቡዕ ድርጅት ነው። ማርቶቭ ግን አድማ የመታ ሠራተኛ ሁሉ «የኔ ፓርቲ» ቢል ደስ ይለኛል ባይ ነበር።

ድምፅ ተሰጠ። ማርቶቭ 28 ለ22 አሸነፈ።

ስያሜው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአይሁድ ሠራተኞች ድርጅት የሆነው ቡንድ በፓርቲው ውስጥ ራሱን ችሎ የመቀጠል ጥያቄው ውድቅ ሲደረግበት አምስቱ ልዑካኑ ጉባኤውን ረግጠው ወጡ። «ኢኮኖሚስቶች» የሚባሉት (ለሠራተኛው የኢኮኖሚ ትግል ቅድሚያ የሚሰጡ) ሁለት ልዑካንም ተከተሏቸው። ሰባቱም በአንቀጽ አንድ ከማርቶቭ ጋር የቆሙ ነበሩ። ከ51 ድምፅ 44 ቀረ፤ ብልጫውም ወደ ሌኒን ዞረ። የፓርቲው ጋዜጣ የ«ኢስክራ» አዘጋጆች ከስድስት ወደ ሦስት ሲቀነሱ አክስልሮድ፣ ዛሱሊችና ፖትሬሶቭ ተገፉ። ማርቶቭ ከሦስቱ አንዱ ሆኖ ቢመረጥም ጓደኞቼ ወጥተው እኔ አልገባም አለ። ሌኒንና እሱ እኮ በ1895 ፒተርስበርግ ውስጥ አንድ ድርጅት ያቋቋሙ፣ ሁለቱም ሳይቤሪያ የተጋዙ ሰዎች ናቸው!

ለሜንሼቪኮች ጥብቅና መቆሜ አይደለም። በ1917 ሕዝቡ ሰላምና መሬት ሲጠይቅ አብዛኞቹ መሪዎቻቸው ዛሩ ከወረደ በኋላ ተቋቁሞ አንደኛውን የዓለም ጦርነት ከቀጠለው ጊዜያዊ መንግሥት ጋር ወገኑ። ከባድ ስህተት ነበር። ማርቶቭ ግን ይህንንም ተቃውሟል። በ1918 ቦልሼቪኮች የሞት ቅጣት ሲፈጽሙ በጽሑፍ ያወገዘውም እሱ ነው።

በጉባኤው ከማርቶቭ ጋር የቆመው ትሮትስኪ ገና በ1904 አስጠንቅቆ ነበር። በሌኒን መንገድ ከተሄደ ማዕከላዊ ኮሚቴው በፓርቲው ቦታ፣ በመጨረሻም አንድ አምባገነን በኮሚቴው ቦታ ይቀመጣል ብሎ ነበር። ኋላ እሱም ከቦልሼቪኮች ጋር ሆነ። በ1921 የቦልሼቪኮች ፓርቲ አሥረኛው ጉባኤ በፓርቲው ውስጥ አንጃ መፍጠርን ከለከለ። «አንጃ» የሚለው ቃል በኛም አገር ስንት ወጣት እንዳስበላ የኔ ትውልድ ያውቀዋል።

በሚቀጥለው ክፍል የማርቶቭን ወገን ከነሙሉ ክርክሩ እንድታቀርቡልን እለምናለሁ። በክበባችን «ሜንሼቪክ» ተብለው የተሰደቡ ሁለት ጓደኞቼ ዛሬ በሕይወት የሉም። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ሰዳቢዎቹም ተሰዳቢዎቹም አናውቅም ነበር።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ