«ካንሰር ያመጣል» ከማለታችን በፊት

ክቡር አዘጋጅ፣

የሳይንስ ዜና በጉጉት ከሚያነቡ ሰዎች አንዱ ነኝ። «ይህ ምግብ ካንሰር ያመጣል» የሚሉ ርዕሶች ግን እጅግ ያሳስቡኛል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ቋሊማንና መሰል የተቀነባበሩ ሥጋዎችን ትምባሆ ባለበት የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ አስገባ። ብዙ የዜና ማሰራጫዎችም ቋሊማ የሲጋራን ያህል እንደሚገድል አድርገው አወሩት። ምድቡ የሚናገረው ግን ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ እንጂ ጉዳቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይደለም። ተቋሙ ራሱ በየቀኑ 50 ግራም መብላት በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝን ዕድል በ18 በመቶ እንደሚጨምር ገልጾ ነበር። ከመቶ ሰዎች አምስቱ በዕድሜ ዘመናቸው በሚያዙበት አገር ይህ ማለት አምስቱ ወደ ስድስት ተጠጉ ማለት ነው። ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ ሰውም ቢሆን ሕይወት ነው። ሆኖም «18 በመቶ» ብቻውን ሲጻፍ አንባቢው ከመቶው 18ቱ የሚታመሙ ይመስለዋል።

ቡናችንም አላመለጠም። በ1991 የፊኛ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል ተብሎ ተመድቦ ነበር፤ በ2016 ምደባው ተነሣለት። የቀረው ማስጠንቀቂያ ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚፋጅ መጠጥን ሁሉ የሚመለከት ነው። የመጀመሪያውን ወሬ የሰማ ሁሉ እርማቱን ሰምቷል ብዬ አላምንም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ዜና ስታወጡ ጥናቱ በሰው ላይ ይሁን በአይጥ፣ ጭማሪውም ከስንት ወደ ስንት እንደሆነ አብራችሁ ጻፉልን። ቦታ ቢጠብ እንኳ ይህ መቅረት የለበትም።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ